ሞኝ ብቻ አይደለም የያዘውን የማይለቅ

ምሳ ላይ ነበርን። ወሬው ከዚህም ከዚያም ሲነሳ እኔ ሆዬ እንደ ትልቅ አዋቂ ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ «ሰው እኮ የሚጠቀመው የአእምሮውን 10 በመቶ ብቻ ነው» አልኩ። ይቺን ነገር በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደተናገርኳት ቆጥሬ አልጨርሳትም። ማን እንደነገረኝም አላስታውስም። ታናሽ እህቴ ከሳህኗ ቀና ሳትል «ኧረ ተው፣ እሱ ውሸት ነው» አለችኝ።

ከዚያ አስረዳችኝ። አእምሮ ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ሰውነት ከሚያጠፋው ጉልበት ግን 20 በመቶ የሚሆነውን ብቻውን ይበላል። 90 በመቶው ሥራ ፈት ቢሆን ኖሮ፣ ሰውነት ለዚህ ሁሉ ቦዘኔ ቀለብ የሚሰፍረው ምን ሊሆንለት ነው? ደግሞ አንጎል ሲሠራ የሚያሳዩ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ ሁሌ ተኝቶ የሚውል ያን የሚያህል ክፍል አልተገኘም። መልሷ አጭር ነበር፣ ግልጽም ነበር።

እኔስ ምን አደረግኩ? ስልኬን ከጠረጴዛው ስር አወጣሁና ፍለጋ ገባሁ። እውነቱን አይደለም የምፈልገው። እኔ ትክክል መሆኔን የሚያሳይ ነገር ነው። ልዩነቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጆሮዬ እስኪግል ፈልጌ ሳጣ ደግሞ «ቢሆንም ሰው አቅሙን ሙሉ በሙሉ አይጠቀምም» ብዬ ነገሩን አጣመምኩት። እህቴ ሳቀች። እኔ ተናደድኩ። ለ10 በመቶ!

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱን በተመለከተ ክርክር የለኝም። ሞኙን በተመለከተ ግን ተረቱ ትንሽ ያዳላ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የያዙትን አለመልቀቅ የሞኝ ብቻ ሥራ ተደርጎ ሲወራ ሌሎቻችን በነጻ እናመልጣለን። እኔ በበኩሌ በጣም ሙጭጭ ብለው የያዙትን የማይለቁ ሰዎች ያየሁት ከተማሩት መሃል ነው።

አለማወቅን ብዙ ጊዜ የምናስበው እንደ ባዶ ዕቃ ነው። መረጃ ጨምርበት፣ ይሞላል፣ አለቀ። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ መረጃ በኪሳችን ባለበት ዘመን አለማወቅ ተረት ሆኖ ይቀር ነበር። ዕቃው ግን ባዶ አይደለም። ሞልቷል። አዲስ ነገር ገብቶ እንዲቀመጥ የሆነ ነገር መውጣት አለበት፣ የሚወጣው ነገር ደግሞ ባለቤት አለው፣ ዋጋም አለው። እና «ይሄ ሰውዬ ለምን አይገባውም?» ከማለት «ቢገባው ምን ይከፍላል?» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ነገር ያሳያል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ1840ዎቹ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የወሊድ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው የሚያዋልዱት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ናቸው፣ በሁለተኛው አዋላጆች። በሐኪሞቹ ክፍል ከሚወልዱት እናቶች 10 በመቶ ገደማ በአራስ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። በአዋላጆቹ ክፍል ግን ሞቱ ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እናቶቹ ይሄን ያውቃሉ። የሚገቡበት ክፍል የሚወሰነው በቀን ተራ ነበርና፣ የሐኪሞቹ ቀን ሲደርስባቸው እዚያ አታስገቡን ብለው ተንበርክከው የሚለምኑ ነበሩ።

ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሃንጋሪያዊ ሐኪም ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። መጨናነቁ ይሆን፣ አየሩ ይሆን፣ ሲወልዱ የሚተኙበት ሁኔታ ይሆን እያለ አንድ በአንድ ፈተሸ። አንዱም አልሆነም። በ1847 ወዳጁ የነበረ ያኮብ ኮሌችካ የሚባል ሐኪም አስከሬን ሲመረመር የተማሪ ቢላ ጣቱን ወጋውና ታሞ ሞተ። ዜመልቫይስ የወዳጁን ሬሳ ምርመራ ውጤት ሲያነብ፣ ያየው ነገር በሞቱት አራሶች ላይ ከሚያየው ጋር አንድ ነው። ያኔ በራለት። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ያዋልዳሉ። አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም። በቃ፣ ልዩነቱ ይሄ ነው።

በሜይ ወር አጋማሽ ላይ፣ እጁን በክሎሪን ውሃ ያልታጠበ ሰው ወላድ እንዳይነካ ተባለ። በኤፕሪል 18 በመቶ የነበረው ሞት በጁን ወደ 2 በመቶ ወረደ።

ሰው ምን ይላል? እሰይ ይላል፣ ይሸልመዋል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አብዛኞቹ ሐኪሞች ፊታቸውን አዞሩበት። በ1849 የሥራ ውሉ ሳይታደስለት ቀረ። በ1865 የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሲሞት 47 ዓመቱ ነበር።

እዚህ ላይ «አይ የድሮ ሰው ድንቁርና» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን እነዚያ ሐኪሞች ደደቦች አልነበሩም። አንዳንዱ ተቃውሟቸውም ውሃ የሚያነሳ ነበር። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ገና አልታወቀም፣ ስለዚህ «እንዴት ነው የሚገድለው?» ተብሎ ሲጠየቅ ዜመልቫይስ ከአስከሬን የሚመጣ አንዳች ነገር ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረውም፤ መጽሐፉን ያሳተመውም 14 ዓመት ቆይቶ በ1861 ነው፤ በዚያ ላይ የማይስማሙትን ነፍሰ ገዳይ እያለ ግልጽ ደብዳቤ ይጽፍባቸው ነበር። ነፍሰ ገዳይ ተብሎ «አመሰግናለሁ፣ አስተካክላለሁ» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ዋናው ነገር ግን እሱ አይመስለኝም። እስቲ ለአንድ አፍታ በዚያ ዘመን ሐኪም ሁን። 20 ዓመት አዋልደሃል። ስም አለህ፣ ተማሪዎች አሉህ፣ ሰው ባርኔጣውን አንስቶልህ ያልፋል። አንድ ወጣት መጥቶ እጅህን ታጠብ ይልሃል። በራሱ ቀላል ነገር ነው። ግን እሺ ብለህ የታጠብክ ቀን፣ እስከ ትናንት የሞቱትን እናቶች ማን ገደላቸው? አንተ። በዚህ በተከበረ እጅህ።

ዜመልቫይስ ራሱ ከዚህ አላመለጠም። በእኔ ምክንያት ስንቶቹ ያለጊዜያቸው መቃብር እንደወረዱ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚል ነገር በመጽሐፉ ጽፏል። በኪል ከተማ ደግሞ ጉስታቭ ሚካኤሊስ የሚባል የማዋለድ ሐኪም ነበር። ነገሩን ሰምቶ ተቀበለ፣ በሚሠራበት ቦታም በክሎሪን መታጠብን አስገባ። ጥሩ ሐኪም ማለት እሱ ነው። ግን እሱ ራሱ ያዋለዳት ዘመዱ በዚሁ ትኩሳት ሞታ ነበር። ያን ማሰብ ከበደው። በ1848 ራሱን አጠፋ።

ያመነው ይሄ ሆነበት። ያላመኑት እንቅልፋቸውን ተኙ።

አዲስ እውነት ሲመጣ ብቻውን አይመጣም የምለው ለዚህ ነው። ሂሳብ ይዞ ይመጣል፣ ሂሳቡም ወደኋላ ተመልሶ ይቆጠራል። ልጁን በዱላ ያሳደገ አባት ዱላ እንደሚጎዳ ሲነገረው የሚሰማው ስለ ዱላ አይደለም። ስለ ልጁ ነው። ስለዚህ «እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን?» ይላል። ክርክር ይመስላል። ልመና ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሰው ሂሳቡ ስንት እንደሆነ ሳያይ ገና ከሩቁ ዞር ይላል። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንደሚባለው። ሃንቲንግተን የሚባል በዘር የሚተላለፍ የአንጎል በሽታ አለ። ከወላጆች አንዱ ካለበት፣ ልጅ የመውረሱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። በ1993 ጂኑ ተለይቶ ታውቋል፣ ምልክት ሳይታይ በፊት በምርመራ ማወቅ ይቻላል። እና ይህ ዕጣ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች አይመረመሩም። በሽታውን የሚያድን መድኃኒት የለም። እነዚህን ሰዎች አላዋቂ ብሎ የሚሰድብ ካለ እኔ የለሁበትም። አንዳንድ አለማወቅ መጠለያ ነው፣ ከሱ ውጣ የሚል ሰው የት እንደምገባ ይንገረኝ።

ሌላው ሂሳብ ከወገን ጋር ያለው ነው። ይሄኛው በተለይ የተማረውን ይይዛል።

በ2013 ዳን ካሃን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ከ1000 በላይ ሰዎች ላይ አንድ ሙከራ አደረጉ። አራት ቁጥሮች ያሉበት ትንሽ ሠንጠረዥ ነው። ለአንዳንዶቹ ቁጥሮቹ ስለ አንድ የቆዳ ቅባት ናቸው ተባለ፤ ቅባቱ ሽፍታ ያሽላል ወይስ ያባብሳል? ሒሳብ የሚችሉት ከማይችሉት በተሻለ መልሱን አገኙ። እስከዚህ ምንም አይገርምም። ለሌሎቹ እነዚያኑ ቁጥሮች ሰጧቸውና፣ በሕዝብ መሃል የጦር መሣሪያ መያዝን መከልከል ወንጀልን ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል ብለው ጠየቁ። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ጥያቄ ሰው የሚጣላበት ነው። አሁን መልሱ በፓርቲ ተከፈለ። ይባስ ብሎ ሒሳብ በሚችሉት መሃል ክፍፍሉ ጠበበ ስትሉ፣ ሰፋ።

ለምን? ቁጥሩ ከወገናቸው ጋር ሲስማማ በመጀመሪያ እይታ የታያቸውን ይዘው ቁጭ ይላሉ። ሳይስማማ ሲቀር ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው ያሰላሉ። ሒሳብ የማይችለው ሰው ይቺ ምርጫ የለችውም። እና ተረቱ ላይ የምጨምረው ይሄን ነው፦ ሞኝ ወረቀቱን ዝም ብሎ ይጨብጣል። ብልጥ ግን ላሚኔት ያስደርገዋል፣ ማህተም ያስመታበታል፣ ኮፒ አውጥቶ ያድለዋል።

ደግሞ በእነዚህ ሰዎች አልፈርድም። አንድ ሰው ስለ ጦር መሣሪያ ሕግ ትክክል ቢሆንም ባይሆንም የሱ ሐሳብ ብቻውን ሕጉን አይቀይረውም። ከጓደኞቹ፣ ከዘመዶቹ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ የተለየ ነገር ማመን ከጀመረ ግን የሚያጣውን ዛሬ ማታ ያየዋል። ማን ይጠራዋል? ማን ያናግረዋል? አስልቶ ነው የተሳሳተው ማለት ይቻላል።

እሺ፣ ምንም የማያስከፍል ነገርስ? የኔ 10 በመቶ ምን ነበረች? ወገን የላት፣ ኃጢአት የላት።

ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡና ብስክሌት ሳሉ። የምሬን ነው፣ ሳሉ። ፔዳሉ የት ጋ ነው፣ ካቴናው ከምን ወደ ምን ይሄዳል፣ ብረቱ ምኑን ከምኑ ያያይዛል? ሬቤካ ሎውሰን የምትባል የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2006 ባወጣችው ጥናት ይሄንኑ ጠይቃ፣ ካቴናውን የፊቱንም የኋላውንም ጎማ አዙረው የሚያስሩ ሰዎች አግኝታለች። እንደዚያ ከሆነ መሪው አይዞርም፣ የምትሄዱት ቀጥ ብላችሁ ግድግዳ እስክትመቱ ነው። ብስክሌት ዕድሜ ልካችንን አይተናል። ስላየነው ያወቅነው መሰለን። በ2002 ሮዘንብሊትና ካይል የሚባሉ ተመራማሪዎችም ሰዎችን ስለ ዚፕ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ውሃ መልቀቂያ፣ ስለ ቁልፍ አሠራር ምን ያህል ታውቃላችሁ ብለው ነጥብ አሰጧቸው። ከዚያ በሉ ደረጃ በደረጃ አስረዱን አሏቸው። አስረድተው ሲጨርሱ፣ ወይም ማስረዳት ሲያቅታቸው፣ ለራሳቸው የሰጡትን ነጥብ ራሳቸው ቀነሱት። ማንም አልተቃወማቸውም፣ ማንም አልሰደባቸውም። «እንዴት?» ነው የተባሉት።

አለማወቅ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ከውስጥ ሲያዩት አለማወቅ አይመስልም፣ እውቀት ነው የሚመስለው። የተራበ ሰው መራቡን ያውቃል። ያላወቀ ግን የሚጮህ ሆድ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። በ1994 ጆንሰንና ሴይፈርት የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ስለ አንድ መጋዘን ቃጠሎ የፈጠራ ዜና አስነበቧቸው። በመጀመሪያ፣ አንዲት ትንሽ ዕቃ ቤት ውስጥ የዘይት ቀለምና የጋዝ ሲሊንደር ነበር ይላል ዜናው። ቆየት ብሎ ስህተት ነው፣ ዕቃ ቤቱ ባዶ ነበር ይላል። አንባቢዎቹ ማረሚያውን አንብበዋል፣ ተጠይቀውም ያስታውሱታል። ያም ሆኖ ጭሱ ለምን በዛ ሲባሉ፣ ቀለሙና ጋዙ ነው ብለው የሚመልሱ ብዙ ነበሩ። ሌላ መንስኤ፣ ለምሳሌ ሰው ሆን ብሎ አቃጥሎት ነው የሚል ሲጨመር ግን ቀለሙንና ጋዙን መጥቀስ ቀነሰ። እንግዲህ አእምሮ ክፍት ጉድጓድ አይወድም። «ያ ስህተት ነው» ብለኸው ዝም ካልክ፣ ጉድጓዱን በድሮው አፈር መልሶ ይደፍነዋል።

እስካሁን የተናገርኩት አለማወቅ በራሱ ጊዜ ስለሚቆይበት መንገድ ነው። አንዳንዱ ግን ተከላካይ ተቀጥሮለት ነው የሚቆየው። በ1950 ማጨስን ከሳንባ ካንሰር ጋር የሚያያይዙ ትላልቅ ጥናቶች ወጡ። በዲሴምበር 1953 የአሜሪካ ትላልቅ የሲጋራ ኩባንያዎች አለቆች ኒውዮርክ ፕላዛ ሆቴል ተሰበሰቡ። በቀጣዩ ወር ከ400 በላይ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጡ። ሲጋራ ጤና ነው አላሉም። ብልጠቱ እዚህ ጋ ነው። የካንሰሩ መንስኤ ገና አልተረጋገጠም፣ የሳይንስ ሰዎች አልተስማሙም፣ ጤናችሁ ያሳስበናል፣ እኛም እናስጠናዋለን ነው ያሉት። በ1969 በተጻፈና ኋላ ይፋ በወጣ የአንድ ኩባንያ የውስጥ ማስታወሻ ላይ ደግሞ አይናቸውን በጨው አጥበው «ምርታችን ጥርጣሬ ነው» ብለው ጽፈዋል።

የሚያጨስ ሰው የሚፈልገው መልስ አይደለም። «ገና አልተረጋገጠም» የምትለዋን ቃል ነው። እሷን ይዞ አንድ ተጨማሪ ፓኮ ይገዛል። ሻጩ የሚያቀርባት ገዢው ስለሚፈልጋት ነው። ዛሬ ስለ ክትባትም ስለ አየር ንብረትም «ሁለቱም ወገን ይሰማ» ሲባል ስሰማ፣ ፕላዛ ሆቴል ትዝ ይለኛል።

ስልካችን ደግሞ ነገሩን አባሰው። በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተዛመቱ 126,000 ገደማ ወሬዎችን ተከታትሎ ነበር። እውነቱ 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ከሐሰቱ ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። ያባዛው ሮቦት፣ ማለትም በራሱ የሚለጥፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ይሆናል ብላችሁ ከሆነ፣ አጥኚዎቹ ሮቦቶቹን ለይተው ሲያወጡም ልዩነቱ አልጠፋም። ሰው ነው። ሐሰቱ አዲስ ነገር ይሆናል፣ ያስደነግጣል፣ እውነቱ አብዛኛውን ጊዜ ይደብራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ትክክል ነው፣ ብቻ እስኪነጋ ድረስ ወሬው ስንት ቤት አንኳኩቶ ያድራል።

ታዲያ ምን ቢነግሩት አይሰማም ብለን እንተወው? እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። እንዲያውም በ2010 በወጣ ጥናት ላይ ተመስርቶ፣ ሰውን ስታርመው ጭራሽ ስህተቱን ያጠብቃል የሚል ነገር ተስፋፍቶ ነበር። ስንት ሰው ላይ ተናግሬዋለሁ መሰላችሁ። በኋላ ውድና ፖርተር የሚባሉ ተመራማሪዎች ከ10,000 በላይ ሰዎችን በ52 ጉዳዮች ላይ ፈተኑ፣ ውጤታቸው በ2019 ታተመ። እርማት የሰጧቸው ሰዎች በአብዛኛው ወደ እውነቱ ጠጋ አሉ። የማጠበቁ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ሰው አይሰማም» የምትለዋ ነገር ራሷ የኛ የተማርን ባዮች ወረቀት ነበረች ማለት ነው። ላሚኔት የተደረገች። ከማስረዳት ድካም ስለምትገላግለን ወደድናት።

ጠጋ ማለት ግን ወገን መቀየር አይደለም። ቁጥሩን ተቀብሎ እዛው ጎራው ውስጥ የሚቀር ብዙ ነው። እሱም ይሁን። ከልምዴ እንዳየሁት ሰው ሐሳቡን በጉባኤ ፊት አይቀይርም። ብቻውን ሆኖ፣ ሌላ ቀን፣ ማንም ሳያየው ይቀይረዋል። ከዚያ ድሮም እንደሚያውቀው ሆኖ ይመጣል። ያን ጊዜ «አላልኩህም ነበር?» ያለው ሰው የሠራውን ሁሉ አፈረሰው።

ከዚያ ምሳ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ እንግዳ መጥቶብን እንደገና አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ነበር። እንግዳው በወሬ መሃል ሰው የአእምሮውን 10 በመቶ ብቻ ነው የሚጠቀመው አለ። እኔ ተሽቀዳድሜ «ኧረ እሱ እኮ ውሸት ነው» አልኩት። 2 በመቶውን፣ 20 በመቶውን፣ ቀለቡን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። እህቴ ፊት ለፊቴ ናት። ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ቃል ሳትናገር ውሃውን አቀበለችኝ።